ዒድ የምንሰግድበት ሜዳ የማን ነው?

(በአሰላ ከተማ ከዐስር ሶላት በኋላ ለጀመዓ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ ዒድ አደብ ነበር። ስለ አደቡ ኡስታዞቻችን በየደርሱ ያስተምሩናል፤ እኔ ከነሱ የተሻለ አላውቅም። ስለዚህ አዘጋጆቹ ዐፉ ይበሉኝና ስለምንሰግድበት መሬት ልናገር። ምክንያቱም አደቡን አውቀን መሬቱን እያጣን ነው።

ያደግኩት በአርሲ ደጋ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ነው። ስሟን ዛሬ አልጠራም፤ ጉዳዩ ገና በሽምግልና ላይ ነው። ከከተማዋ ጫፍ አንድ ሜዳ ነበር። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች የጨርቅ ኳስ ይጫወቱበታል፣ በገበያ ቀን ከገጠር የመጣ ሰው ፈረሱን ያስርበታል። በዓመት ሁለት ጠዋት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከጭላሎ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል፣ ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ሰዉ ምንጣፍና ሰሌን ይዞ ከየአቅጣጫው ተክቢራ እያለ ይመጣል። ከገጠር በበቅሎ የሚመጡት ሽማግሌዎች ሌሊት ነው የሚነሱት። አባቴን ለመጨረሻ ጊዜ በዒድ ልብስ ያየሁት እዚያ ሜዳ ላይ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለዒድ ስሄድ ሜዳው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ አገኘሁ። ከሽማግሌዎች ጋር ሆነን ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድን። የተቀበለን ወጣት ባለሙያ ጨዋ ነበር፤ ወንበር አመጣልን፤ ፕላኑን ዘርግቶም አሳየን። «ቦታው ባዶ ነው» አለን። አንድ ሀጂ «ልጄ፣ እኛ ከአርባ ዓመት በላይ ሰግደንበታል» አሉት። «ካርታ አላችሁ?» አለ። የለንም። «የጻፋችሁት ደብዳቤ አለ? ማዘጋጃ ቤቱ የጻፈላችሁስ?» የለም። «በዓመት ስንት ቀን ትጠቀሙበታላችሁ?» ሁለት ጠዋት። ልጁ ምንም አላለም። ፕላኑን መልሶ ጠቀለለው።

በዚያን ቀን ተናድጄ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ልጁ የጠየቀን ሦስት ጥያቄዎች እኛ ራሳችንን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ነበሩ። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ከመሃላችን አልተገኘም። ለመስጊዱ ምንጣፍ ገንዘብ አዋጥተናል፣ ለሚናራው አዋጥተናል፣ ለድምፅ ማጉያው አዋጥተናል። ሜዳው ግን አላህ የዘረጋው ስለሆነ ማንም የሚወስደው አልመሰለንም።

ወንድሞችና እህቶች! ሜዳው ሲጠፋ ምን እንደሚጠፋ እንመልከት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ውስጥ ከየትኛውም ስፍራ የከበረ መስጊዳቸው እያለ ለዒድ ከመስጊዱ ወጥተው ገላጣ ሜዳ ላይ ይሰግዱ ነበር። ሴቶችም እንዲወጡ አዘዋል፤ በወር አበባ ላይ ያሉት እንኳ ከመስገጃው ራቅ ብለው ዱዓውና ኸይሩ ላይ እንዲካፈሉ። ይህን ያስተላለፈችልን ኡሙ ዐጢያ ናት። እስቲ መስጊዶቻችንን ተመልከቱ። ለሴቶች የተተወው ቦታ ስንት ነው? በብዙ መስጊድ ጓዳ የምታህል ክፍል ናት፣ በአንዳንዱ ጭራሽ የለም። ሜዳው ተወስዶ ዒድ ወደ መስጊድ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀሩት እናቶቻችን ናቸው። ቀጥሎ ከገጠር የሚመጣው ሰው ይቀራል። የሚተርፈው የከተማው ወንድ ብቻ ነው። እዚያች ከተማ የሆነውም ይኸው ነው። አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ በፈቃድ ይሰገዳል፤ ፈቃዱም በየዓመቱ እንደ አዲስ ይለመናል። እናቴ ሁለት ዒድ ቤት ዋለች።

እዚህ ላይ የማልስማማበት ሐሳብ ስላለ በግልጽ ልናገር። ብዙ ወጣቶች «መፍትሔው ማጠር ነው» ይላሉ። ያልታጠረ ይወሰዳል፤ ብሎኬት እንደርድር፣ በር እናብጅ፣ «የሙስሊሞች የዒድ ሜዳ» ብለን ታፔላ እንስቀል። ስሜታቸው ይገባኛል። የአርሲ ሰው መሬት ሲወሰድበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አያቶቻችን በአፄው ዘመን በገዛ አገራቸው ገባር ነበሩ። በ1960 አካባቢ ካዱ እያልን የምንጠራው፣ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ ልማት ፕሮጀክት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ይዞ መጣ። ገበሬው ተጠቀመ፤ ባለመሬቱ ግን ትራክተር ሲያይ ጭሰኛውን ማስነሳት ጀመረ። ስንት ዓመት አርሶ የኖረ ሰው መሬቱ ላይ ስሙ ስላልተጻፈ ብቻ ጓዙን ጭኖ ሄደ። ይህን ከቤተሰቡ ያልሰማ እዚህ መካከል ጥቂት ነው። በ1967 የገጠሩም የከተማውም መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን አባቶቻችን የጨፈሩት ስለዚህ ነው። ዛሬም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። የመንግሥት የሚለውን ቢሮዎቹ በደንብ ያነቡታል፤ የሕዝብ የሚለውን ማንበብ የእኛ ሥራ ነው።

ግን ሜዳውን ማጠር ሌላ ነገር ነው። ፉቀሃዎች ስለ ገበያና ስለ መንገድ ሲጽፉ ከመስጊድ ሰፍ ጋር ያመሳስሉታል። ቀድሞ የመጣ ሰው በተቀመጠበት ቦታ ሐቅ አለው፤ ማንም አያስነሳውም። ሲነሳ ግን ቦታውን አይወርሰውም፣ አይሸጠውም፣ ለልጁም አያስተላልፈውም። ይህን ሁላችንም በጁሙዓ እናውቀዋለን። የፊት ሰፍ ላይ ምንጣፉን አንጥፎ «የእኔ ነው» ብሎ ወደ ሱቁ የሚሄድ ሰው ያናድደናል አይደል? ሜዳውን አጥረን በዓመት ለሁለት ጠዋት ብለን 363 ቀን ብንቆልፈው ከዚያ ሰውዬ በምን ተሻልን? ኳስ የሚጫወተው ልጅ የት ይሂድ? ልጁ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን የሜዳው ሐቅ አለው። ድንኳን የሚተክል ለቀስተኛ አለ፣ ፈረሱን የሚያስር ገበሬ አለ።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው። ሜዳው የእኛ ብቻ ይሁን አንበል። የሁሉም ሆኖ ይቆይ፣ አይሸጥ፣ አይሸንሸን፣ በከተማው ፕላን ላይ ክፍት ሜዳ ተብሎ ይጻፍ፤ በሁለቱ ዒዶች ጠዋት መስገጃ መሆኑም አብሮ ይጻፍ እንበል። ይህን ጥያቄ ጎረቤታችን ክርስቲያኑም ይዞት አብሮን ሊቆም ይችላል፤ ልጁ የሚጫወትበት ሜዳ ነውና። የአጥር ጥያቄን ግን ብቻችንን ነው የምንሸከመው።

ቀብር ግን ሌላ ነው። መቃብራችሁን እጠሩ፣ ካርታ አውጡ፣ ድንበሩን ከጎረቤት ጋር ቆማችሁ ለዩ። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ የሆነውን አስታውሱ። አንድ የተከበሩ ዓሊም ሲቀበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያን በሚዋሰነው መቃብር አጠገብ ለቀብር በሚወሰድ ድንጋይ የተነሳ ጠብ ወደ ደም ተቀየረ። ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተናገረ። በቀናት ውስጥ ደግሞ ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያንን ያደረጉት በእኛ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ አልላክናቸውም፣ አንቀበለውምም። ድንበሩ በጊዜው ተለይቶ ቢሆን ኖሮ የስንቱ ቤት ይተርፍ ነበር!

ወደ አደባባይ ልምጣ። በአዲስ አበባ ስላለው የመስቀል አደባባይ ወጣቶች ደጋግመው ይጠይቁኛል። ግንቦት 1 ቀን 2013 የጎዳና ኢፍጣር ሊደረግ ሰዉ ሲወጣ ፖሊስ በተነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ኢፍጣሩ ተካሄደ። በቀጣዩ ዓመት፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2014፣ በዒድ ማለዳ በስታዲየሙ ዙሪያ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ። ልጆቻቸውን በትከሻ ይዘው የመጡ አባቶች በነጭ ጀለቢያ ሲሮጡ ሁላችንም አይተናል።

«አደባባዩ የማን ነው?» ለሚለኝ መልሴ ይኸውላችሁ። ስሙ የመስቀል ነው፤ ደመራ ይደመርበታል፤ የዓለም ቅርስ ሆኖ በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው። ደርግ አብዮት አደባባይ ብሎ ስሙን ለመቀየር ሞክሮ ስሙ ተመልሷል። ይህን ክብር ከክርስቲያን ወገኖቻችን ልንነጥቅ አንፈልግም፤ የፈለገ ካለ ከእኛ አይደለም። ሥፍራው ግን የከተማው ነው። የታደሰው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ግብር ሲሰበሰብ ሃይማኖት አይጠየቅም። የኛው የአሰላ ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ታላቁ ሩጫ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይነሳል፤ ሯጩ ሙስሊም ነው ክርስቲያን ብሎ ማንም አያጣራም። በዓመት አንድ ምሽት ተምር ይዞ የሚቀመጥ ሰው የማንን ሐቅ ይነካል? ጎረቤት አብሮ ቢያፈጥር ደግሞ ይበልጥ ያምራል።

ጃን ሜዳንም እዩት። ጥምቀት የሚከበርበት ነው። ኮሮና ሲመጣ በ2012 የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ወደዚያ ተዛወሩ፣ ከተማውም ከዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም እየገዛ በላ። የ2013 ጥምቀት ሲደርስ ገበያው ተነስቶ ሜዳው ለበዓሉ ተጸዳ። ማንም ማንንም አልወረሰም። የሕዝብ ቦታ ማለት ለእኔ እንዲህ ያለው ነው፤ ጽዳቱ ቀላል ነበር ማለቴ ባይሆንም።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ አዲስ ጥያቄ ያስመስለዋል። አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ከአንዋር መስጊድ ተነስተው ጎዳና ሲወጡ፣ አብሯቸው የወጣው ክርስቲያን ብዙ ነበር። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ በዓሎቻችን የአገር በዓል ይሁኑ የሚል ነበር። ከዚያ በፊት ለዒድ ሱቁን የዘጋ ሰው የራሱን ሱቅ ዘጋ እንጂ አገር አልዘጋለትም፤ ተማሪው ከትምህርት ቤት ቀረ ተብሎ ይቀጣ ነበር። ያ ሰልፍ በተደረገ በዓመቱ ውስጥ ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓላት ሆኑ። ቀን አገኘን ማለት ነው። ለቀኑ የሚሆን ቦታ ግን እስከ ዛሬ እንደ ችሮታ ይሰጠናል።

በቅርብ ያየነውም ይኸው ነው። በ2004 የአወሊያ ጥያቄ ሲነሳ ጎዳናው ስለተዘጋብን ድምፃችንን በመስጊድ ግቢ አሰማን፤ እጅ በማጣመር፣ ነጭ ጨርቅ በማውለብለብ፣ ዝም በማለት። ሚያዝያ 19 ቀን 2004፣ ጁሙዓ ዕለት፣ ከዚህ በበቆጂ በኩል ወርዳችሁ በምታገኟት አሳሳ አንድ ኢማም ለመያዝ በተነሳ ግጭት አራት ሰዎች ተገደሉ። በ2005 ክረምት ደግሞ ኮፈሌ ላይ ሰው ሞተ። አላህ ይዘንላቸው። የቤተሰቦቻቸው ለቅሶ በአርሲ ቤቶች ውስጥ እስካሁን አልደረቀም። ያኔ የመስጊዱ ግቢ ጠበበን ያልነው ስለ ስፋቱ አልነበረም።

በግንቦት 2015 ደግሞ ሸገር ከተማ ላይ መስጊዶች ፈረሱ። የመንግሥት መልስ ግንባታዎቹ ሕጋዊ አይደሉም የሚል ነበር። ሕዝበ ሙስሊሙ ግንቦት 18 እና ግንቦት 25 ጁሙዓ አንዋር መስጊድ ላይ ተቃውሞውን አሰማ፤ በሁለቱም ቀን ሕይወት ጠፋ። አንድ መስጊድ ዓመታት ሰው ሰግዶበት፣ ልጆች ቀርተውበት፣ መብራትና ውሃ ገብቶለት ካበቃ በኋላ «ሕገ ወጥ ነው» ብሎ በዶዘር መናድ ዙልም ነው። ያንን ብለናል፣ አሁንም እንላለን። ግን እናንተ ፊት ቆሜ ግማሹን እውነት አልናገርም። ከነዚያ መካከል ወረቀት ያልነበራቸው ነበሩ። ወረቀት ያልያዝነው አንዳንዴ ስለከለከሉን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ስላልጠየቅን ነው። ሁለቱን መለየት አለብን፤ ካልለየን ቢሮ ስንገባ እንደኔ አፋችን ይያዛል።

የሕጉን ነገር ባጭሩ ልናገር። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ለሃይማኖት ተቋማት የአምልኮ ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ እንደሚሰጥ ይፈቅዳል፤ የሚወስነው ካቢኔው ነው። መጅሊሱ ደግሞ ከ2012 ጀምሮ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አለው፤ በራሱ ስም ቦታ መያዝ ይችላል። ስለዚህ የመስጊድና የቀብር ጥያቄ በመጅሊሱ በኩል፣ በጽሑፍ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይቅረብ። «ለከንቲባው በቃል ነግረናቸዋል» የሚባለው ነገር ይቅር። ከንቲባ ይቀየራል። ሰልፍ ለማድረግ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 3/1983 ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን ነው የሚጠይቀው፤ ፈቃድ መለመንን አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ሰዓትና ቦታ ይቀየር ማለት ይችላል፣ ምክንያቱን ግን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ጨርሶ አይሆንም ማለት አይችልም። ይኸው አዋጅ በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በሆስፒታልና በመቃብር ዙሪያ በ100 ሜትር ውስጥ ሰልፍ ይከለክላል። ስለዚህ ከመስጊድ በር ላይ ተነስቶ ሰልፍ የሚያስብ ወጣት ይህንንም ያንብብ፤ ሲያስሩት ማንበብ አይጠቅመውም። የዒድ ሶላት ግን ሰልፍም የፖለቲካ ስብሰባም አይደለም። አንቀጽ 27 እምነትን በግልም በይፋም፣ ለብቻም ከሌሎች ጋርም የመግለጽ መብት ነው ያለው።

በሌላ አገር ምን እንደሚሆን ማየትም ይጠቅማል። ህንድ ውስጥ ጉሩግራም የምትባል ከተማ አለች፤ ከደልሂ ጎን በፍጥነት ያደገች። መስጊድ ስለሚያንሳቸው ሙስሊሞቹ ጁሙዓን በየክፍት ቦታው ይሰግዱ ነበር። በ2018 እንደ ፈረንጆቹ ተቃውሞ ተነሳባቸው፤ አስተዳደሩ የመስገጃ ቦታዎቹን 37 አድርጎ ወሰናቸው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄደ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ የተነሳው ጩኸት በበረታ ቁጥር ይኮማተራል።

አሁን ወደ ራሳችን። ስለ መንገድ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦችን ከመንገድ ዳር መቀመጥ ሲያስጠነቅቋቸው፣ እነሱም የምንወያይበት ሌላ ቦታ የለንም ሲሉ፣ እንግዲያውስ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት ብለዋል፤ ዓይንን መስበር፣ ማንንም አለማስቸገር፣ ሰላምታ መመለስ፣ በመልካም ማዘዝና ከመጥፎ መከልከል። እስቲ ጁሙዓ ቀን የመስጊዳችንን በር ቆማችሁ እዩ። መኪና በሁለት ረድፍ ይቆማል፤ ባጃጅ ማለፊያ ያጣል። ምጥ የያዛት ሴት በዚያ መንገድ ወደ ሆስፒታል ብትሄድ የት ታልፋለች? ሱቁ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ የተነጠፈበት ነጋዴ ፈቅዶ ነው ወይስ ፈርቶ? ጠይቀነው እናውቃለን? ድምፅ ማጉያውም ያው ነው። አዛን አዛን ነው፤ ማንም አይነካውም። ሌሊት ሙሉ የሚለቀቀው ካሴት ግን የታመመ ጎረቤት አለው። በተቃራኒው የእኛም ጎረቤት እንዲህ ሲያደርግ እንደምንማረር አትርሱ።

ጁሙዓ ሰዉ ከመስጊዱ ተርፎ መንገድ ላይ ቢሰግድ ችግሩ ይገባኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስፋልት ላይ ሰግጃለሁ። ግን አንድ መስመር ለአምቡላንስ ይተው፤ ሁለት ወጣት ቆሞ መኪና ያሳልፍ። ሶላቱ ሲያልቅ ፌስታሉና የውሃ ፕላስቲኩ ይለቀም። መንገዱን ይህን ያህል ያከበረ ጀመዓ ማዘጋጃ ቤት ሲሄድ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው።

የአርሲ ሰው ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀው ነበር። ኦዳ ሥር ሸንጎ ሲቀመጥ ጥላው የማንም አልነበረም፤ ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይቀመጥበታል፣ ሥሩ የሚዋሽ አይገኝም ይባል ነበር። እናቶች ተበድለው ሲንቄ ይዘው ከቤት ከወጡ ሽማግሌ ቅሬታቸውን ሰምቶ ሳይፈርድ አይመለሱም ነበር። ቤታቸውን ጥለው የወጡት ወደ ማን ግቢ ነው? ወደ ማንም። ወደ ሜዳው ነው። ሜዳ ባይኖር ሲንቄውን ይዘው የት ይቆሙ ነበር ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። አሁን በየከተማችን ሁለት የተጣላ ሰው ለማስታረቅ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ዛፍ ጠፍቶ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እያዘዙ ነው። ከፋዩም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ነው።

የዚያችን ከተማ ነገር ልጨርስላችሁ። ሽማግሌዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። ከሜዳው ገና ያልተሸነሸነ ትልቁ ክፍል አለ። አንድ ደብዳቤ ተጽፏል፤ በመጅሊሱ በኩል ገብቷል፣ የገባበት ቁጥርና ቀን በእጃችን አለ። የሚጠይቀው ቅድም ያልኩትን ነው፦ ክፍት ሜዳ ሆኖ ይመዝገብ፣ የዒድ ጠዋቶቹ ይጻፉ። መልሱ የድሮውን ወሰን በምስክር አሳዩ የሚል ነው።

ስለዚህ የመጪው ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ሜዳውን በእግር እንዞራለን። ከዚያ አካባቢ መጥታችሁ አሰላ የከተማችሁ፣ ድሮ የት ድረስ ይሰገድ እንደነበር የምታስታውሱ አባቶችና በተለይ እናቶች እንድትመጡ እንለምናለን፤ የሴቶቹ ሰፍ የት ላይ ያልቅ እንደነበር ከእናንተ በቀር የሚያውቅ የለም። የድሮ የዒድ ፎቶ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ከጀርባው ዛፍ ወይም ቤት የሚታይ ከሆነ ይጠቅማል። በአካባቢው የኖሩ ሁለት ክርስቲያን ሽማግሌዎችም አብረውን ሊዞሩና ሊመሰክሩ ፈቅደዋል። መኪናው ከመስጊዱ በር አስራ አንድ ተኩል ላይ ይነሳል። ረጅም ሜትር ያለው አናጢ ወይም ግንበኛ ካለ ከመግሪብ በፊት ያናግረኝ፤ ያለን አምስት ሜትር ብቻ ነው።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።